«ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ»፦ የወደፊቱን ስናስብ የምንሳሳትባቸው ቦታዎችና ማረሚያቸው

በኮንትራት ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የምትዘጋጅን ሴት እቅዷን ብትጠይቋት መልሱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ሁለት ዓመት መሥራት፣ ለእናት ቤት ማቆም፣ በተረፈው ሱቅ ከፍቶ አገር ውስጥ መኖር። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለው ዘመዷም ብዙ አይለይም፤ «አምስት ዓመት ሠርቼ ጠቅልዬ እገባለሁ» ካለ ስንት ዓመቱ። እቅዱ ሞኝነት አይደለም፤ የተሳካላቸውም አሉ። የሚያስገርመው ስህተቱ የሚያጋድልበት ጎን ነው። ነገሩ የዕድል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ሰው ካሰበው ቀድሞ በጨረሰ ነበር። የሚታየው ግን ሌላ ነው፦ ጊዜው ከታሰበው ይረዝማል፣ በእጅ የሚቀረው ገንዘብ ከታሰበው ያንሳል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ሚዛን ደግሞ ሊታረም ይችላል።

እዚህ የተጻፈው እቅድ ለሚያወጣ ሰው፣ ወይም እህት ወንድሙ ሲያቅዱ አጠገባቸው ለሚቀመጥ ነው። አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ እነዚህን የአእምሮ ዝንባሌዎች በስም ማወቅ ብቻውን ከስህተት አያድንም። ስለ ጉዳዩ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንኳ የራሱን ሥራ ሲያቅድ ያንኑ ይደግማል። የሚረዳው ለራሳችን ጥያቄ የምናቀርብበትን መንገድ መለወጥ ነው።

ጊዜው ለምን ያጥርብናል

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ ይህን ዝንባሌ እ.ኤ.አ. በ1979 «የእቅድ ስህተት» ብለው ሰየሙት። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የሮጀር ቡለርና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ልኩን አሳየ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። አማካይ ግምታቸው 33.9 ቀን ነበር፤ የወሰደባቸው 55.5 ቀን። «ሁሉ ነገር የቻለውን ያህል ቢበላሽስ?» ሲባሉም የሰጡት ግምት 48.6 ቀን ብቻ ነው። የክፉ ቀን ግምታቸው እንኳ ከእውነታው አነሰ። ይህን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «ኧረ እኔ ለክፉም ለደጉም አስቤበታለሁ» ይላል።

ምክንያቱ ስንፍና ወይም ትዕቢት አይደለም። ሰው ሲያቅድ የሥራውን ታሪክ በራሱ ውስጥ ይተርካል፦ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ እልካለሁ፣ ቤቱ ይቆማል፣ እመለሳለሁ። በዚህ ትረካ ውስጥ ያልታሰበ ነገር ቦታ የለውም፤ ያልታሰበ ነው'ና። እያንዳንዱ እንቅፋት ብቻውን ሲታይ የመከሰት ዕድሉ ትንሽ ነው። የአባት መታመም፣ የደመወዝ መዘግየት፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ችግር፣ የአሠሪ መቀየር፣ የወንድም ሠርግ፤ እያንዳንዱ «ላይሆን ይችላል»። ከእነዚህ አንዱም ሳይደርስ ሁለት ዓመት የማለፍ ዕድል ግን በጣም ጠባብ ነው።

የባለሙያ ብዛትም ከዚህ አያድንም። የሲድኒ ኦፔራ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊያልቅ ታስቦ በ1973 በ102 ሚሊዮን ተከፈተ። የእኛም ታላቁ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የታሰበለት አምስት ዓመት ገደማ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። የግድቡ መዘግየት የግምት ስህተት ብቻ አልነበረም፣ የኮንትራትና የብረት ሥራ ጣጣ ነበረበት። ግን ነጥቡም ይኸው ነው፦ ጣጣ የሌለበት ሥራ የለም፣ በእቅድ ውስጥ ግን ጣጣ አይጻፍም።

ከራስ ትረካ ይልቅ የሌላውን መዝገብ

ማረሚያው የራስን እቅድ ለጊዜው አስቀምጦ ያንኑ መንገድ የሄዱ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው መሰብሰብ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸውም ቀላል ስለሚመስል ነው።

ቢያንስ ሰባት ሰው ፈልጉ። ወደዚያው አገር፣ ለዚያው ዓይነት ሥራ፣ ባለፉት ሦስትና አራት ዓመታት የሄዱ ይሁኑ፤ ከአሥር ዓመት በፊት የሄደች ሴት የምትነግራችሁ ሌላ ደመወዝ፣ ሌላ ሕግና ሌላ ምንዛሪ ነው። ከሰባቱ ሁለቱ ኮንትራታቸውን ሳይጨርሱ የተመለሱ መሆን አለባቸው። ይህን ቅድመ ሁኔታ የሚዘለው ሰው ይበዛል። ደላላውም ኤጀንሲውም የሚያሳዩት ያለፈላቸውን ነው፤ ሰፈር ውስጥም የሚታየው ቤት የሠራችው ናት። ባዶ እጇን የተመለሰችው በር ዘግታ ተቀምጣለች፤ ማንም እንዲጠይቃት አትፈልግም፣ ማንም ሊያሳፍራት አይፈልግም። ስለዚህ ዓይን የሚያየው ምሳሌ ገና ከመነሻው የተጣራ ነው። እሷን ለማግኘት በሴት ዘመድ በኩል መሄድ ይሻላል፤ ሰው በተሰበሰበበት አይጠየቅም።

አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «እንዴት ነበር፣ ጥሩ ነው?» የሚል ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ያመጣል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። የሚለካ ነገር ጠይቁ፦ የመጀመሪያ ደመወዝሽን በስንተኛው ወር ተቀበልሽ? ስንት ወር ሳይከፈልሽ ቀረ? አሠሪ ስንቴ ቀየርሽ? በወር ምን ያህል ትልኪ ነበር? ከላክሽው ውስጥ ስንቱ ተቀምጦ ቆየሽ? ስትሄጂ ስንት ዓመት ብለሽ ነበር፣ ስንት ቆየሽ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን ግምትና እውነታ ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

የቆይታውን መልስ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ። ለምሳሌ መልሱ በወር 14፣ 24፣ 30፣ 48፣ 48፣ 60 እና «ገና አልተመለሰችም» ቢሆን መሃለኛው 48 ነው። እንግዲህ የእቅዱ መነሻ አራት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። አደራረደሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በ14 ወር የተመለሰችው ቀድማ የጨረሰች አይደለችም፣ ያቋረጠች ናት። እሷን በአማካይ ውስጥ ጨምሮ ማካፈል ቁጥሩን በሐሰት ያሳጥረዋል። አቋርጠው የመጡትን ለብቻ ጻፉ፤ የእነሱ ብዛት የሚነግረው የአደጋውን መጠን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና «የእኔ ግን ይለያል» የሚለው ነው። ቋንቋ እችላለሁ፣ አክስቴ እዚያ አለች፣ ጠንካራ ነኝ። ልዩነቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የጠየቃችኋቸው ሰባቱም ሲሄዱ የየራሳቸው «ይለያል» ነበራቸው። ሕጉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ከመሃለኛው ቁጥር ለመቀነስ አንድ የሚጨበጥ ምክንያት ይቅረብ፣ ቅነሳውም ከሩብ አይለፍ። ሩብ ያልኩት ሳይንስ ሆኖ አይደለም፤ ገደብ ካልተበጀ ሰው ተመልሶ ሁለት ዓመት ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ገንዘቡን መበተን

በጅምላ የታሰበ ገንዘብ ሁልጊዜ ብዙ ነው። አንድ የምሳሌ ስሌት እንሥራ። በወር 1,000 ሪያል ደመወዝ፣ 24 ወር፤ በጭንቅላት ውስጥ የሚቀመጠው 24,000 ሪያል ነው። አሁን ይበተን፦ ለቤተሰብ ቀለብ በወር 400 ቢላክ 9,600። ለስልክና ለጥቃቅን በወር 50 ቢሆን 1,200። ለጉዞ የተበደሩት 3,000። አገር ቤት ለሚደርስ ሕመም፣ ሠርግ፣ ለቅሶና የትምህርት ቤት ክፍያ 3,000። ለልብስ፣ ለሕክምና፣ ሲመለሱ ለሚያዘው ሻንጣና ስጦታ 2,000። ድምሩ 18,800 ነው፤ የቀረው 5,200 ሪያል። ከታሰበው አንድ አምስተኛ ትንሽ ከፍ ይላል። ደመወዝ ሁለት ወር ቢቀር 3,200 ይሆናል።

ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ፤ ሥራው መበተኑ ላይ ነው። ሥራን ወደ ዝርዝር ክፍሎቹ መበተን ግምትን ወደ እውነታው እንደሚያቀርብ ጀስቲን ክሩገርና ማት ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ2004 በሙከራ አሳይተዋል። ከዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መስመር የለቅሶና የሠርጉ ነው። «ይህማ አንድ ጊዜ ነው» ይባላል። በዓመት አራት የተለያየ «አንድ ጊዜ» ካለ ግን የዘወትር ወጪ ሆኗል፤ የራሱ መስመር ይሰጠው።

የመጠባበቂያ ገንዘብ ላይ የሚፈጠር ሌላ ችግር አለ። ቤተሰብ የሚያውቀው መጠባበቂያ መጠባበቂያ አይደለም፤ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ እስከ እሱ ድረስ ይለካል። ስለዚህ በሌላ ባንክ፣ ያለ ውክልና፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንም ሳያውቀው ይቀመጥ። ይህ ለብዙ ሰው ከቤተሰብ መደበቅ ስለሚመስል ይከብዳል። እኔ ግን ከሁሉ አስፈላጊው እርምጃ ነው እላለሁ።

ቤት ለሚያሠራ ደግሞ አንድ ቃል። ሰው በጭንቅላቱ የሚያየው የቆመ ግድግዳና ቆርቆሮ ስለሆነ ብሎኬት፣ ሲሚንቶና ብረት ያሰላል። ገንዘቡ የሚያልቀው ፊኒሺንግ ላይ ነው፦ በርና መስኮት፣ ሴራሚክ፣ ኮርኒስ፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር፣ ቆጣሪ፣ ሴፕቲክ፣ የግቢ በር። በየከተማው ዳር ቆመው የቀሩት ብሎኬቶች የዚህ ስሌት ውጤቶች ናቸው። ዋጋውንም በዛሬ ብር አስልቶ ለሦስት ዓመት ማቀድ አያዛልቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በሪያል ያስቀመጠና በብር ያስቀመጠ ሰው ከዚያ በኋላ አንድ እቅድ የላቸውም። ግምቱን በብር ከመያዝ በኩንታል ሲሚንቶና በቤርጋ ብረት መያዝ፣ ዋጋውን በየሦስት ወሩ መጠየቅ ይሻላል።

የሩቅ አገር ምስል

ዴቪድ ሽኬድና ካነማን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ለስደት ለሚያስብ ሁሉ የሚበቃ ነው። በካሊፎርኒያና በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ የሚማሩ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችን ጠየቁ። የሁለቱ ወገን በሕይወታቸው የመርካት መጠን እኩል ነበር። ግን ሁለቱም ወገኖች «ካሊፎርኒያ ያለው ሰው የበለጠ ይረካል» ብለው ገመቱ። ምክንያቱ ሲያነጻጽሩ ዓይናቸው የተተከለው ልዩነቱ ላይ፣ በተለይ አየሩ ላይ ስለነበር ነው። ዘወትር የሚኖሩት ሕይወት ግን በአብዛኛው ሥራ፣ እንቅልፍ፣ መንገድ፣ ከሰው ጋር መስማማትና መጣላት ነው።

ዱባይን የሚያስብ ሰው ፎቅና መብራት ያያል። ሴትዮዋ ልትኖርበት የምትችለው ግን የማዳም ቤት ወጥ ቤት ነው። ምስሉን ለማስተካከል ተራ ማክሰኞን ከንጋት እስከ ማታ በሰዓት ከፋፍሎ መጻፍ ይረዳል፦ ስንት ሰዓት ይነሣል፣ ማን ቤት ውስጥ አለ፣ ስንት ሰው ይበላል፣ ስልክ መቼ ይያዛል፣ እረፍት ስንት ሰዓት ነው፣ በማን ቋንቋ ይወራል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ መውጣት ይቻላል ወይ። ባዶ የቀረው ሰዓት ሁሉ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው፤ ከተመለሱት ሰዎች ይሞላል።

ለመመለስ የሚያስበውም በዚሁ ይሳሳታል፤ እንዲያውም ይባስበታል። አገሩን የሚያስታውሰው ለገና ወይም ለጥምቀት ሲመጣ በሦስት ሳምንት እረፍት ነው፦ ዘመድ ይጋብዛል፣ ዶላር በእጅ አለ፣ ቀጠሮ የለም። በንግድ ፈቃድና በግብር ቢሮ ወረፋ የሚያልፈው የኅዳር ረቡዕ በምስሉ ውስጥ የለም። መመለስ የሚፈልግ ሰው በበዓል ሳይሆን በሥራ ወራት ሁለት ወር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ የዘመድ እንግዳ ሳይሆን ቢኖር ብዙ ይማራል። የሁለት ወር ደመወዝ ቢያሳጣውም ለዚህ ትምህርት ጥሩ ዋጋ ነው።

ከምስል ስህተት ጋር የሚሄድ ሌላ አለ፦ ደስታውም ሐዘኑም እንደምናስበው አይቆይም። ስለዚህ «ይህ ካልተሳካ አለቀልኝ» የሚለው ስሜት ለውሳኔ መጥፎ አማካሪ ነው። ሁሉ ይለመዳል ማለት ግን አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ሥራ ማጣት ለብዙዎች በቀላሉ የማይሽር ጠባሳ እንደሚተው ተጠንቷል።

ያ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል

ጆርዲ ኩዋድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ19,000 በላይ ሰዎችን ይዘው አንድ ነገር አገኙ፦ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ባለፉት አሥር ዓመታት ብዙ መለወጡን ያምናል፣ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ግን ብዙም አልለወጥም ይላል። የ20 ዓመት ወጣትም የ50 ዓመት ጎልማሳም ያው ነው።

የዚህ ጉዳት የሚታየው ወደ ኋላ በማይመለሱ ውሳኔዎች ላይ ነው። በ22 ዓመቷ ለእናቷ መንደር ውስጥ ባለ አምስት ክፍል ቤት የምታሠራ ልጅ፣ በ30 ዓመቷ ከተማ መኖር፣ መማር ወይም ሌላ አገር ማግባት ልትፈልግ ትችላለች። ገንዘቡ ግን መሬት ላይ ቆሟል። ቤቱ አይሠራ አይባልም፤ ሁለት ክፍል ተሠርቶ መሠረቱ ለተጨማሪ ይዘጋጅ። ትልቁን ውሳኔ በየደረጃው ከፍሎ፣ በየደረጃው ቆም ብሎ የማሰቢያ ቀን መተው፣ ገና ላልመጣው ሰው ቦታ መተው ነው።

ዕቁብ፣ ነገና ዛሬ

«ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እቆጥባለሁ» የሚለው ውሸት አይደለም፤ የሚናገረው ሰው ያምንበታል። ነገ የሚቆጠበው ገንዘብ አያምም፣ ዛሬ የሚቆጠበው ያማል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ ይህንኑ ድክመት ለጥቅም አዋሉት፦ ሠራተኞች ዛሬ ሳይሆን ወደፊት ደመወዝ ሲጨመርላቸው ቁጠባቸው አብሮ እንዲያድግ አስቀድመው እንዲፈርሙ አደረጉ። በ40 ወር ውስጥ ቁጠባቸው ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አደገ።

የእኛ ዕቁብ ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ይሠራል። ሰብሳቢው፣ ዋሱና የጓደኛ ዓይን ለራሳችን ገብተን የማንጠብቀውን ቃል ያስከብራሉ። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ የሚደርሰው ቆጣቢ ነው፤ የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ የመጨረሻው ይጎዳል፣ ስለዚህ ዕቁቡ ከአንድ ዓመት ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ዕቁብ ገንዘቡን ይሰበስባል እንጂ ከወጣ በኋላ አይጠብቀውም። ዕጣው ከመድረሱ በፊት ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ ለማን እንደሚከፈል ተጽፎ ይቀመጥ። በደረሰ ማግሥት የሚወሰን ነገር በማግሥቱ ስሜት ይወሰናል።

ምኞትና ሟርት

መድረክ ላይ «ዓይንህን ጨፍነህ ስኬትህን እየው» የሚሉ አነቃቂዎች በዝተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጋብሪየለ ኤቲንገን ከቶማስ ዋደን ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ ሴቶችን ተከታትላ ነበር። ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት የበለጠ ቀነሱ። በሐሳባቸው ቀጭንነታቸውን ሲያጣጥሙ የነበሩት ግን ከሌሎቹ 11 ኪሎ ያህል ያነሰ ቀነሱ። መጠበቅና መመኘት የተለያዩ ናቸው፤ ምኞቱ ሥራው ያለቀ ያህል ያረካል።

ኤቲንገንና ባሏ ፒተር ጎልቪትዘር የሚመክሩት አካሄድ አጭር ነው፦ የምትፈልጉትን ጻፉ፤ ሲሳካ የሚመጣውን መልካም ነገር ጻፉ፤ ከዚያ ከውስጣችሁ የሚነሣውን ዋና እንቅፋት ጻፉ፤ በመጨረሻ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። «አበድሪኝ ተብሎ ሲደወልልኝ፣ ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።» «ደመወዝ በገባ ቀን፣ ሐዋላ ከመላኬ በፊት 200 ሪያል ወደ ሌላው ሒሳብ አስተላልፋለሁ።» ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ከእንቅፋቱ ከጀመሩ ተስፋ ይቆርጣል፣ እንቅፋቱን ከተዉት ምኞት ብቻ ይቀራል።

የቤተሰብ እቅድ ሲሆን የሥነ ልቦና ተመራማሪው የጋሪ ክላይን ዘዴ ይጨመር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ሦስት ዓመት አልፏል፤ እቅዱ ፈርሷል። ምን አፈረሰው?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሊበላሽ ይችላል?» ከማለት ይልቅ እንደተበላሸ ቆጥሮ መጠየቁ አፍ ያስፈታል። እኛ ዘንድ ሁለት መሰናክል አለበት። አንዱ ሟርት ነው፤ «ክፉ አታውራ» የሚል አዋቂ አይጠፋም። አስቀድሞ «ይህ ለጥንቃቄ ነው፣ ምክር ነው» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ቢጀምሩት ይቀላል። ሁለተኛው ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ የተለየ ሐሳብ አለማውጣቱ ነው። መፍትሔው ሁሉም በየወረቀቱ ሦስት ምክንያት እንዲጽፍ፣ መጻፍ የማይችለው ለልጅ እንዲነግር ማድረግ፣ ወረቀቱን ደባልቆ አንድ ሰው ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ ሁሉም የሚያውቀው ማንም ያልተናገረው ነገር ይወጣል፦ ገንዘቡን የሚቀበለው ወንድም።

የተጻፈው እቅድ ከግምቶቹ ጋር ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ከሄደችው ጋር፣ አንዱ ገንዘብ ከማይነካ ሰው ጋር። በስድስተኛው ወር ተገምቶ የነበረውና የሆነው ጎን ለጎን ይጻፍ። በዚህ ጊዜ ሰው «እንዲህ እንደሚሆንማ አውቅ ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ የቀድሞውን ግምት ቀይሮ ማስታወስ የአእምሮ ልማድ ነው፣ ወረቀቱ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። የሆነው ከተገመተው ግማሽ ከሆነ፣ የቀረውም ጊዜ በዚያው ፍጥነት ይሰላ። «የሚቀጥለው ወር ይካካሳል» የሚለውን የማካካሻው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ተጽፎ ካልቀረበ አትቀበሉ።